ተቀናሹ ባል

የሻረግ ባሏን የገደለችው በ2086 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ፣ ደብረ ብርሃን፣ በወጪ ማጣሪያ ቢሮ መስኮት ቁጥር ሰባት ላይ፣ በተዋሰችው እስክሪብቶ ነው። ባሏ ይርዳው በዚያ ሰዓት ሎግያ ውስጥ የውሃ ፓምፕ እየፈታ ነበር። ምንም አልተሰማውም።

በእርግጥ ልትገድለው አልሄደችም። የሄደችው የአልቃሽነት ፈቃድ ልታወጣ ነው። ይርዳው ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ «የአንድ ሳምንት ሥራ አገኘሁ» ብሏት ወደ አፋር ወርዶ ነበር፤ ሳምንቱ አላልቅ አለ። ቀዝቃዛ ውሃ ከምትሸጥ ሴት ጋር ቤት መሥርቷል የሚል ወሬ ደረሳት። የሻረግ ሁለት ዓመት አለቀሰች። ጎረቤቶቿ መጀመሪያ አዘኑላት፤ ቀጥሎ ለቅሶዋን ወደዱት፤ በመጨረሻ ለየራሳቸው ሐዘን ይጠሯት ጀመር። ድምጿ ወፍራም ነው፣ ግጥም አይቸግራትም፣ እንባዋም የራሷ ነው። እየቆየ ሰው ይከፍላት ጀመር። ለሚከፈለው ሰው ደግሞ ፈቃድ ማውጣት ግድ ነው።

ቅጹ ላይ «የሐዘን ምንጭ» የሚል መስመር ነበር። ከልቡ የሚያለቅስ ሰው እንደ ማሽን ያረጃል ተብሎ ስለሚታመን፣ እውነተኛ ሐዘን ያለው አልቃሽ ከገቢው ላይ ሲሶውን «የሐዘን እርጅና» ብሎ ከግብር ያስቀንሳል። በሽንኩርት የሚያለቅሱት የሚያስቀንሱት የሽንኩርቱን ዋጋ ብቻ ነው። ከመስመሩ ሥር ምልክት የሚደረግባት አንዲት ሳጥን ነበረች፤ «ሟች» ትላለች። ሌላ ሳጥን የለም።

የሻረግ ባሏ እንዳልሞተ፣ ጥሏት እንደሄደ ለጸሐፊዋ ነገረቻት። ጸሐፊዋ ጥሎ ለሄደ ሰው ሳጥን እንዳልተዘጋጀ አስረዳቻት። ከኋላ ያለው ሰልፍ አጉረመረመ።

«ለእርስዎ ግን ሞቷል፣ አይደል?» አለቻት ጸሐፊዋ።

የሻረግ ትንሽ አሰበችበት። «ለእኔስ ሞቷል» አለችና ምልክቱን አደረገች። ጸሐፊዋ ማኅተሙን አሳረፈችበት። የይርዳው ቀብር ይኸው ነበር፤ ከሰልፉ በቀር ቀባሪ አልነበረውም።

በዚያ ዘመን ደሞዝተኛ የሚባል ሰው አልቀረም። ደሞዝ የሚለውን ቃል ልጆች የሚሰሙት ከተረት ውስጥ ነው። ሁሉም የራሱ ቀጣሪ ነው፤ ሁሉም አለቃውን የሚያማው መስታወት ፊት ቆሞ ነው። ሁሉም አንገትጌው ላይ ቆጣሪ ሰክቷል። ቆጣሪው ሰውየው ገንዘብ ወይም ጊዜ ባወጣ ቁጥር «ለሥራ ወይስ ለራስ?» ብሎ ይጠይቃል። «ለሥራ» ያለ ይቀነስለታል። «ለራሴ» ያለ ይከፍላል። ስለዚህ «ለራሴ» የሚል ሰው ጠፋ።

የሻረግ ጎረቤት የሆነው ፀጉር አስተካካይ በቀኝ እግሩ የቆዳ ጫማ፣ በግራው ነጠላ ጫማ ያደርጋል። ወንበሩን ሲዞር የሚደገፈው በቀኙ ስለሆነ የሚቀነስለት የቀኙ ብቻ ነው። ዳቦ ሲበላ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጉርሻዎች ለሥራ ናቸው፤ ከሦስት ያለፈው ምቾት ነው። እስከ ስድስት ሰዓት የሚተኙት እንቅልፍ «የመሣሪያ ጥገና» ይባላል፤ ከዚያ በላይ ያለው «መዝናኛ» ነው፤ ስለዚህ ከተማው ስድስት ሰዓት ሲሞላው እኩል ብድግ ይላል። ሰላምታ የሚቀነሰው የንግድ ጉዳይ ሲኖርበት ብቻ ስለሆነ ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ «እንዴት አደርሽ፣ ሥራ ካለ» ይባባላሉ። ሙሽሮች በጫጉላቸው ሰሞን ለቆጣሪው ምን ብለው እንደሚመልሱ ቢሮው መመሪያ አውጥቷል። መመሪያው አርባ ገጽ ነው፤ አብዛኞቹ ሳይጨርሱት ይተኛሉ።

ለቅሶ ግን ለማንም አይቀነስም። ሟቹ ደንበኛ ካልነበረ በቀር ለቅሶ መድረስ «ለራስ» ነው። ስለዚህ ዘመድ ሩብ ሰዓት ተቀምጦ ይነሣል፤ የቀረውን እንባ አልቃሽ ታፈስሰዋለች። የሻረግ በወር አሥር አሥራ ሁለት ለቅሶ አታጣም ነበር። ሥራዋን የምትጀምረው ድንኳኑ ጥግ ቆማ ይርዳውን በማሰብ ነው። በሩ ላይ የቆመበትን፣ ሻንጣውን፣ «ለአንድ ሳምንት ነው» ያለበትን ድምፅ ታስበዋለች። ከዚያ እንባው ይመጣል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ይርዳው አንድ ቀን አልቀረባትም። አብሯት ሲኖር እንዲህ በሰዓቱ ተገኝቶ አያውቅም።

በ2098 ዓ.ም. የካቲት ላይ ከቢሮው ደብዳቤ ደረሳት። ለናሙና ተመርጣለች። የወጪ አጣሪው አቶ ልዑልሰገድ በመጪው ሐሙስ አብረዋት ውለው፣ የሐዘን እርጅናው ሐቀኛ መሆኑን ያያሉ። የሻረግ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ አልደነገጠችም። እንባዋ እውነተኛ ነው፤ ይለኩት። ማክሰኞ ማለዳ ደግሞ የመጋዘን ባለቤቱ አቶ ዘውገ ሞቱና ቤተሰቡ ለሐሙስ፣ ለሠልስቱ፣ ቀጠራት። ከዚህ የተሻለ ሥራ አጣሪ ፊት ማቅረብ አይቻልም ነበር።

በዚያው ማክሰኞ ረፋድ ላይ በሯ ተንኳኳ። ስትከፍት ሟች ቆሟል።

ይርዳው ሸብቷል፣ ከስቷል፤ ከጥርሶቹ የቀሩት ሁለት ናቸው። በእጁ ፌስታል ይዟል። የሻረግ ለዚህች ሰዓት አሥራ አራት ዓመት ንግግር ስታዘጋጅ ኖራ ነበር፤ አንዱም አልመጣ አላት።

«ገደልሽኝ» አላት።

«ገና መቼ ገደልኩህና» አለችውና፣ ጎረቤት ሲመለከት ስላየች፣ አስገባችው።

ዳቦ ሰጠችው። እስከ ፍርፋሪው በላው፤ ከአንገትጌው የጠየቀው ነገር የለም። ቆጣሪ አልነበረውም። ይርዳው እያላመጠ ታሪኩን ነገራት። ውሃ ሻጯ ከሁለት ዓመት በፊት በሩን ዘግታበታለች። እሱ ከወረደበት ቀን ጀምሮ ሎግያ ውስጥ ያለ ፈቃድ፣ በስውር፣ ፓምፕ ሲጠግን ቆየ። ዕድሜው ሲገፋ ግን እንደ ሰው ፈቃድ ላውጣ ብሎ እዚያ ያለው ቢሮ ሄደ። ስሙን ቢያስገቡት ስሙ ከሰዎች መዝገብ ላይ ጠፋ፤ የተገኘው ከወጪዎች መዝገብ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ያለች አንዲት አልቃሽ ተቀናሽ አድርጋዋለች። በየዓመቱ ሲያረጅ ሲያረጅ የመዝገብ ዋጋው አንድ ብር ከአሥር ሳንቲም ደርሷል። ወጪ ደግሞ ፈቃድ አያወጣም፣ ቆጣሪም አይሰካም። አውቶቡስ እንኳ አላሳፍርም ብሎት እዚህ ድረስ የመጣው በጭነት መኪና፣ በዕቃ ታሪፍ ነው።

የመጣበትም ጉዳይ አጭር ነበር፤ ሕያው አድርጊኝ ነው የሚለው። የሻረግ ብታደርገው ምን እንደሚከተል ታውቃለች። የአሥራ ሁለት ዓመቱ ቅናሽ ከነቅጣቱ ይመለሳል፣ ፈቃዷም አጠያያቂ ይሆናል። አጣሪው ከነገ ወዲያ እንደሚመጣ ነገረችውና፣ እስከዚያ ጓዳ ውስጥ ድምፁን አጥፍቶ ከተቀመጠ ከዚያ በኋላ እንደሚነጋገሩ ቃል ገባችለት። ይርዳው ምግቡ ካልተቋረጠ ተስማማ።

ድምፁን ማጥፋት ግን አልቻለበትም። ዳቦው ደረቅ ነው፣ ፍራሹ ቀጭን ነው፣ ብርዱ የሰው አይደለም። ሳትጠይቀው የውሃ ቧንቧዋን ፈታ፤ መልሶ ገጠመው፤ ሁለት ብሎን ተረፈው። ብሎኖቹን መስኮቱ ላይ በክብር አስቀመጣቸው። የሻረግ ስታየው ቆየችና አንድ ፍርሃት ገባት። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሳሎኑ ውስጥ ብቻዋን ቆመች። እንደ ልማዷ በሩን አሰበች፣ ሻንጣውን አሰበች፣ ከዚያ ድምፁን ጠበቀች።

ድምፁ ከጓዳ «ጨው የለሽም እንዴ?» አላት።

እንባ የሚባል አልመጣም። ደጋግማ ሞከረች። ሐዘኗ ጓዳ ውስጥ ተቀምጦ ጨው ይፈልጋል።

ሐሙስ ጠዋት አቶ ልዑልሰገድ መጣ። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። «እንዴት አደሩ፣ ሥራ ካለ» አላት። እንባ ተቀብሎ ጨውነቱን የሚለካ ስስ ወረቀት በከረጢቱ ይዟል። ሕጉ እንዲናገር ስለሚያስገድደው፣ እሱም እንደማንኛውም ሰው ለራሱ የሚሠራ መሆኑንና የሚከፈለው ውድቅ ባደረገው ቅናሽ ልክ መሆኑን ነገራት። ይህን ሲል ያፈረ ይመስል ነበር። የሻረግ በሩን ዘጋች፤ ጓዳው ውስጥ ያለው ሰው እንዳያስል እየጸለየች።

በመንገድ ላይ ስለ ሟች ባሏ ጠየቃት። ሲሞት ታሞ ነበር ወይ አላት።

«የለም፣ ድንገት ነው የሄደው።»

«በምን ምክንያት?»

«በአውቶቡስ» አለች የሻረግ።

አቶ ልዑልሰገድ ነፍስ ይማር ብሎ «የመኪና አደጋ» ሲል ጻፈ። የሻረግ አላረመችውም።

የአቶ ዘውገ ድንኳን ሰፊ ነበር። ሚስታቸው ወይዘሮ አጸደ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው እንደ ግድግዳ ነው፣ ሦስት ቀን እንባ አልወጣቸውም ይባላል። ሦስቱ ልጆቻቸው ከጎናቸው ተደርድረው ሩብ ሰዓታቸው እስኪሞላ ቆጣሪያቸውን በጎን ያያሉ። ዘመድ ጎረቤቱ ይገባል፣ ይወጣል። ድንኳኑ ጥግ አንዲት ሴት ከትልቅ ሳፋ ንፍሮ እየዘገነች ታድላለች።

የሻረግ መሐል ገብታ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። አጣሪው ከጎኗ ወረቀቱን ዘርግቶ ቆመ። ድምጿን አወጣች፦

«የመጋዘን ጌታ ቁልፉን ለማን ሰጠ፣
በሩ ክፍቱን ቀረ ጓዳው ተገለጠ።»

ግጥሙ አይከፋም፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ያስነሣ ነበር። ያን ቀን ግን ጓዳ ስትል የራሷ ጓዳ ትዝ አላትና ድምጿ እንደተነፈሰ ጎማ ሆነ። ደገመችው። ዓይኗ እንደ ኩበት ደርቋል። አቶ ልዑልሰገድ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየውና፣ በሐዘን ቤት ድምፅ፣ እስካሁን ምንም እንዳልተመዘገበ አሳወቃት። የሟቹ የበኩር ልጅ ከጎኑ ላለው ሰው የሽንኩርቷ ትሻል ነበር ሲል የሻረግ ሰማችው።

አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባት አያውቅም። የምታመልጥበትን ስትፈልግ ዓይኗ ድንኳኑ ጥግ ላይ አረፈ።

ይርዳው እዚያ ተቀምጧል። ምሳ ስላላስቀመጠችለት፣ ነፃ ምግብ ያለው ለቅሶ ቤት ነው ብሎ፣ ኋላ ኋላዋን ተከትሏት መጥቷል። ጭኑ ላይ ንፍሮ በሰሐን ሞልቶ ይዟል። አንዲትን ባቄላ በሁለት ጥርሶቹ መሐል ለመያዝ ይታገላል፤ ታመልጠዋለች፣ በምላሱ ይመልሳታል፣ እንደገና ታመልጠዋለች። አይቸኩልም። ፊቱ ላይ ፍጹም ሰላም ነበር። ግራና ቀኙን አየና አንድ እፍኝ ወደ ኪሱ ጨመረ።

የሻረግ አየችው። ያ በሩ ላይ የቆመው፣ አሥራ አራት ዓመት በየድንኳኑ ስትጠራው የኖረችው ሰው ይህ ነው። ሌላ የለም፤ የተደበቀ ነገር የለውም። ሸዋ ሮቢት ያለ አንድ መልካም ሰው ላግባሽ ብሎ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኮ መልሳበታለች። ሁለተኛውን ጊዜ ስትመልስ ምክንያቷ ፍቅር እንኳ አልነበረም፤ ደስ ካላት እንባዋ እንዳይነጥፍ፣ ሥራዋ እንዳይቀዘቅዝ ፈርታ ነው። ያ ሰው ሌላ አግብቶ ሦስት ወልዷል። እሷ ለዚህ ባቄላ አሳዳጅ ጥቁር ለብሳ አርጅታለች።

እንባው መጣ። እንደ ወትሮው ከጉሮሮ አልነበረም፤ ከሆዷ ነው የመጣው፤ መሬት ላይ አስቀመጣት።

«የሞተማ ተኝቷል አፈር ተከናንቦ፣
የኔው ሙት ተነሥቶ መጣብኝ ተርቦ።»

ይርዳው ማላመጡን አቆመ።

«አሥራ አራት ክረምት ላንድ ሰው አልቅሼ፣
ራሴን ስቀብር ኖርኩ ጥቁር ልብስ ለብሼ።»

መጀመሪያ የተነሡት ወይዘሮ አጸደ ናቸው። ከተቀመጡበት ብድግ ብለው ደረታቸውን መቱና ሦስት ቀን የያዙትን ለቀቁት። ልጆቻቸው እናታቸውን ሊይዙ ተነሥተው አብረው ወደቁ። ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ ተከተለ፤ ሊወጣ በር የደረሰው ተመለሰ፣ ንፍሮ አዳዩዋ ጭልፋውን ጣለች። ሩብ ሰዓት ሞላ፣ ግማሽ ሰዓት ሞላ፣ የተነሣ ሰው የለም። ከየአንገትጌው ቆጣሪዎቹ «ለሥራ ወይስ ለራስ? ለሥራ ወይስ ለራስ?» ይላሉ፤ መቶ ቆጣሪ እንደ ጫጩት ይንጫጫል፤ የሚመልስላቸው ጠፋ። አቶ ልዑልሰገድ የመጀመሪያው ወረቀት ርሶ ስለተቀደደበት ሁለተኛ አወጣ። በሁለተኛው የራሱን ዓይን ጠረገበት።

የሻረግም ቆጣሪ ይጠይቃት ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቃት ሰማችው። መልሱ ቀላል ነው፤ ተቀጥራለች፣ አጣሪው አጠገቧ ቆሟል፣ እንባው በወረቀት ላይ አለ። ከዕድሜዋ የአሥራ ሁለት ዓመቱን እንጀራ ያገኘችው ያችን አንድ ቃል በማለት ነው።

«ለራሴ» አለች የሻረግ።

ለቅሶው በረድ ሲል አቶ ልዑልሰገድ ከድንኳኑ ጀርባ ወሰዳት። እንዲህ ያለ መልስ በሥራ ዘመኑ ሰምቶ እንደማያውቅ ነገራት። ተከፍሏት እያለች ለራሷ ማልቀሷ የንግድ መሣሪያን ለግል ጥቅም ማዋል ስለሆነ፣ ሊያልፈው እንደማይችልም ነገራት። ምናልባት አፏን አዳልጧት እንደሆነ ጠየቃት፤ አዎን ብትለው የሚጽፈውን ገጽ ለመተው ዝግጁ መስሎ ነበር።

የሻረግ ግን ደክሟት ነበር። «አቶ ልዑልሰገድ፣ ሞተ ያልኩዎት ባሌ ያውልዎት» አለችው። «ያ ኪሱ ውስጥ ንፍሮ የሚጨምረው።»

አጣሪው ዞር ብሎ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ጠራው፤ ስሙን ጠየቀው፤ መዝገቡን አየ። አንድ ብር ከአሥር ሳንቲም። ከንፍሮ አዳዩዋ በርጩማ ተውሶ ተቀመጠና ደንቡን ከላይ እስከ ታች ያነብ ጀመር። የሻረግና ይርዳው ፊቱ ቆመው ጠበቁ። ለመጨረሻ ጊዜ እንዲህ ጎን ለጎን ቆመው የጠበቁት ሲጋቡ ነው።

አቶ ልዑልሰገድ ሲጨርስ ሁለት መንገድ እንዳለ ነገራቸው። ደንቡ ላይ ያለው ቃል «የሐዘን ምንጭ» ነው እንጂ ሟች አይደለም፤ «ሟች» የሚለው የቅጹ አዘጋጅ ስህተት ነው። ስለዚህ ይርዳው «ወደ አገልግሎት የተመለሰ ዕቃ» ተብሎ በእሷ ስም ሊመዘገብ ይችላል። ያለፈው ቅናሽ ባለበት ይጸናል። ከዛሬ ጀምሮም ምግቡ፣ ልብሱና መኝታው የዕቃ ጥገና ስለሚሆን ይቀነስላታል። ሁለት ግዴታ አለበት፤ ከቤቷ መውጣት አይችልም፣ የሐዘን ምንጭነቱንም መቀጠል አለበት። ቢሮው በዓመት አንድ ጊዜ መጥቶ ያያል። ጠባዩ ከተሻሻለ ቅናሹ ይቀራል።

ሁለተኛው መንገድ ከመዝገብ መሰረዝ ነው። ይርዳው ሰው ይሆናል። እሷ የአሥራ ሁለት ዓመቱን ከነቅጣቱ ትመልሳለች፤ ፈቃዷ ይቀጥላል፣ ሲሶዋ ግን ለዘለዓለም ይቀራል።

ይርዳው ምግቡ ሥጋ ይጨምር እንደሆነ ጠየቀ። አጣሪው ገጹን ገልጦ፣ በፍስክ ቀን እንደሚጨምር አረጋገጠለት። ይርዳው አንደኛው መንገድ ይሻላል አለ። የመጣው ሕያው ለመሆን እንደነበር የሻረግ አስታወሰችው። እሱም ነገሩን በደንብ እንዳሰበበት፣ ሕይወት ቀምሶት ያየው ነገር እንደሆነ፣ በዚህ ዕድሜው ዕቃ ቢሆን ቅር እንደማይለው ገለጸ። ጠባዩ ይሻሻላል ብለው እንዳይሰጉም ማለላቸው፤ ከፈለጉ ከሎግያ ምስክር ማስመጣት ይችላል።

አቶ ልዑልሰገድ ብዕሩን ወደ የሻረግ ዘረጋ። እንደ አጣሪ ምንም ማለት እንደማይችል፣ እንደ ሰው ግን አንደኛው እንደሚያዋጣት ነገራት። እሱ ራሱ ከአንደኛው መንገድ ሳንቲም እንደማያገኝም ታውቅ ነበር። ልጁ ደግ ነው።

የሻረግ ይርዳውን አየችው። ኪሱ አብጧል። የመስኮቷ ላይ ብሎኖች፣ ጨው የለሽም እንዴ የሚለው ድምፅ፣ በየዓመቱ እየመጣ ማዘኗን የሚለካ ወረቀት ታያት።

«ይሰረዝ» አለች።

«ሰባት ዓመት ነው የሚከፍሉት» አላት አቶ ልዑልሰገድ።

«አሥራ አራት ከፍዬ የለ፤ ሰባት ምን አላት።»

ፈረመች። ይርዳው በዚያው ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ሕያው ሆነ። አጣሪው ከከረጢቱ አዲስ ቆጣሪ አውጥቶ አንገትጌው ላይ ሰካለት። ቆጣሪው ነፍስ እንደዘራ መጀመሪያ የጠየቀው ኪሱ ውስጥ ስላለው ንፍሮ ነው። ይርዳው ምን እንደሚመልስ ሲያስብ፣ አቶ ልዑልሰገድ አዲስ ገጽ ገልጦ፣ በዚያው ዝግ ባለ ድምፅ፣ ሎግያ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ያለ ፈቃድ ስለጠገናቸው ፓምፖች ይጠይቀው ጀመር። እንጀራ ነውና ውድቅ የሚያደርገው ነገር አግኝቷል። ይርዳው የሻረግን በልምምጥ አያት፤ እሷ ግን ወደ ድንኳኑ ተመልሳ ነበር።

ወይዘሮ አጸደ እጇን ይዘው ከጎናቸው አስቀመጧት። ሰው እስኪሄድ ጠበቁና «ማን ነገረሽ?» አሏት በጆሮዋ። ለይርዳው የተገጠመውን ለአቶ ዘውገ መስሏቸዋል። አቶ ዘውገ ሠላሳ ዓመት አንድ አልጋ ላይ አብረዋቸው እየተኙ በልባቸው ጥለዋቸው የሄዱ ሰው እንደነበሩ፣ ይህን ለማንም ተናግረው እንደማያውቁ ነገሯት። የሻረግ ማንም እንዳልነገራት መለሰችላቸው። ሁለቱ እንደገና ትንሽ አለቀሱ፤ ከዚያ ወይዘሮ አጸደ፣ በገዛ ባላቸው ሠልስት ላይ፣ በነጠላቸው ተከልለው ሳቁ።

ዕዳው ቀላል አልሆነም። የሻረግ ጓዳዋን ለአንድ ልብስ ሰፊ አከራየች፤ ሥጋ በዓመት በዓል ብቻ ሆነ። ሥራዋ ግን አልቀነሰም። ከተማው ውስጥ «ያቺ ለራሷ የምታለቅሰው» ይሏት ጀመር፤ ሰው የሞተበት ሁሉ እሷን ይጠይቃል። በየድንኳኑ ስትቆም ስለ ይርዳው አታስብም፤ የምታስበው እንደ ቀኑ ነው። አንዳንድ ቀን እንባው አይመጣም፤ ያን ቀን ገንዘቡን ትመልሳለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ሙሉ ትተኛለች፤ ቆጣሪው ሲጠይቃት ዓይኗን ሳትገልጥ ትመልስለታለች።

ይርዳው ከሠልስቱ በኋላ በነበረው እሑድ ወደ ሎግያ ተመለሰ። በአውቶቡስ ነው የሄደው፤ እንደ ሰው፣ በወንበር። አጣሪው ዕዳውን በአሥር ዓመት እንዲከፍል ፈቅዶለታል፤ ስለዚህ አሥር ዓመት መኖር ግዴታው ሆኗል። የሻረግ እስከ መናኸሪያው ሸኘችው። ስንቅ አልያዘችለትም፤ ግን ሸኘችው።

አውቶቡሱ እስኪሞላ በሩ አጠገብ ቆሙ። ይርዳው ፌስታሉን ከእጅ እጅ ሲያዛውር ቆየና፣ መሬት መሬት እያየ፣ «እንግዲህ የምር ስሞት ታለቅሺልኛለሽ?» አላት።

«ሰው ላክብኝ» አለችው። «ለዘመድ ቅናሽ አለ።»

«ስንት በመቶ?»

የሻረግ ነገሩን በቁም ነገር አሰበችበት። አሥር አለችው። ይርዳው ባል ሆኖ ስምንት ዓመት፣ ሬሳ ሆኖ አሥራ ሁለት ዓመት ላገለገለ ሰው አሥር በጣም ትንሽ ነው አለ። እሷ የሎግያ መሳፈሪያ በሟች ቤተሰብ ላይ እንደሆነ ጨመረችበት። ይርዳው ቤተሰብ እንደሌለው ተናገረ። ረዳቱ መጥቶ በክርክሩ መሐል ወደ ውስጥ ገፋው።

አውቶቡሱ አደባባዩን ሲዞር ይርዳው አንገቱን በመስኮት አወጣና «አሥራ አምስት» ብሎ ጮኸ። የሻረግ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ አንሥታ አሥሩንም ጣቶቿን አሳየችው። ከሩቅ ላየ ሰው ስንብት ይመስል ነበር።